የታንክ ብዛት ሲቆጠር የሚዘለለው ሒሳብ

ጦርነት በተነሳ ቁጥር ዜናው የሚጀምረው በቆጠራ ነው። ይኼኛው አገር ይህን ያህል ታንክ አለው፣ ያኛው ይህን ያህል ብረት ለበስ ገዛ፣ ሌላው ዘመናዊውን ሞዴል ሊረከብ ነው ይባላል። ሰንጠረዡ ጎን ለጎን ይሠራና አሸናፊው ከወዲሁ ይታወጃል። ታንከኞቹ በዓመት ስንት ጥይት እንደተኮሱ፣ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደነዱ፣ ከእግረኛውና ከመድፈኛው ጋር ስንት ጊዜ አብረው እንደተለማመዱ ግን የትም አይጻፍም። የውጊያን ውጤት በአብዛኛው የሚወስነው ይህ ያልተጻፈው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ማስረጃውም ባለፉት ሰማንያ ዓመታት በተደረጉ የታንክ ውጊያዎች ውስጥ ሞልቷል። (ዓ.ም. ከተባለበት ቦታ በስተቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሣይ በሜይ 1940 በጀርመን ስትጠቃ የታንክ እጥረት አልነበረባትም። ጀርመን ያሰለፈችው ወደ 2,500 የሚጠጋ ሲሆን የፈረንሣይ ቁጥር ከዚያ አያንስም ነበር። ቻር ቢ1 ቢስ የተባለው ከባዱ የፈረንሣይ ታንክ 60 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት የተሸፈነ ስለነበር አብዛኞቹ የጀርመን ታንኮች ከፊት ሊበሱት አይችሉም ነበር። ስቶን በተባለች መንደር አንዱ ቻር ቢ1 ብቻውን ገብቶ 13 የጀርመን ታንኮችን ካወደመ በኋላ 140 ያህል ምት ተቀብሎ በራሱ ሞተር ተመልሷል። ችግሩ የሚሽከረከረው ማማ ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነበር። ያ ሰው ታንኩን ያዛል፣ ዒላማ ይፈልጋል፣ 47 ሚሊ ሜትሩን መድፍ ያጎርሳል፣ ያልማል፣ ይተኩሳል። ብዙዎቹ የፈረንሣይ ታንኮች ደግሞ ሬዲዮ አልነበራቸውም። የጀርመኑ ፓንዘር 3 ብረቱ ሳሳ ያለ ቢሆንም ማማው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩት፤ አዛዡ ከማየትና ከማዘዝ ሌላ ሥራ አልነበረውም፣ ሬዲዮም በእጁ ነበር። ስለዚህ የጀርመን ሻምበል አዛዥ የጠላትን ጎን ክፍት ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉንም ታንኮቹን ማዞር ይችል ነበር፤ ፈረንሣዊው ግን በባንዲራና በሞተረኛ መልእክተኛ ነበር የሚያዘው።

የታንክ ውስጡ ሥራ ከውጭ ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። አዛዡ ዒላማውን ያይና የጥይቱን ዓይነትና የዒላማውን ማንነት በአጭር ቃል ያዛል። ተኳሹ በመነጽሩ ፈልጎ ማየቱን ያረጋግጣል፤ በሌዘር ርቀቱን ይለካል። አጉራሹ ጥይቱን ከቋቱ አውጥቶ ያጎርሳል፣ መድፉ ወደ ኋላ ከሚረግጥበት መስመር ዘወር ይላል፣ ዝግጁ መሆኑን ያሳውቃል። ከዚያ የተኩስ ትእዛዝ ይሰጣል። በደንብ የሠለጠነ አጉራሽ የራሱን ድርሻ ከ7 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ከሾፌሩ ጋር አራት የሆኑት እነዚህ ሰዎች ለወራት አብረው ከሠሩ ተኳሹ የአዛዡን ቃል ሳይጨርስ ይረዳል። ትናንት የተገናኙ ከሆኑ ግን አንዱ የሌላውን ድምፅ በሬዲዮ ለመለየት እንኳ ይቸገራል። ሁለት ታንኮች ፊት ለፊት ሲገናኙ ቀድሞ የተኮሰውና የመታው ይተርፋል። የሰከንዶቹ ልዩነት የሚመጣው ደግሞ ከመድፉ ሳይሆን ከድግግሞሽ ነው።

የሚበላሸው ነገርም በአብዛኛው ትንሽ ነገር ነው። ሌዘሩ ከዒላማው ፊት ያለን ቁጥቋጦ ወይም አቧራ ይመታና 1,800 ሜትር ላይ ያለው ታንክ 900 ሜትር ተብሎ ይነበባል። ልምድ ያለው ተኳሽ ቁጥሩ ከዓይኑ ግምት ጋር እንደማይገጥም ወዲያው አውቆ ደግሞ ይለካል፤ ጀማሪው ግን መሣሪያውን ያምናል፣ ጥይቱም መሬት ይመታል። የመነጽሩና የመድፉ መስመር መገጣጠሙ በየዕለቱ ካልተረጋገጠም ያው ነው። ኤም1 የተባለው የአሜሪካ ታንክ ታንከኞች ይህን 1,200 ሜትር ላይ በተተከለ ሰሌዳ ያስተካክላሉ። የመድፉ አፈሙዝ በፀሐይና በተኩስ ሙቀት በጥቂቱ ስለሚጎብጥ በውጊያ መሐልም ማጣራት ይገባል። ይህን የዘለለ ሠራተኛ በ2,000 ሜትር ርቀት ላይ ለምን እንደሳተ አይገባውም። ሾፌሩም እንደዚሁ። የብረት ሰንሰለቱ ላልቶ ሳለ ተዳፋት ላይ በፍጥነት ከታጠፈ ሰንሰለቱ ከመንኮራኩሩ ይወልቃል። መልሶ ማስገባት ጸጥ ባለ ቦታ እንኳ ሰዓታት የሚፈጅ ከባድ የጉልበት ሥራ ነው፤ በተኩስ ሥር ከሆነ ታንኩ ተጥሎ ይቀራል።

እስከዚህ ያለው የአንድ ታንክ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ብቻ የቆመ ሥልጠና ምን እንደሚያስከትል በ1973 የእስራኤል ጦር በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት ግንባር አሳይቷል። በጎላን ተራራማ ሜዳ ሶርያ ከ1,200 በላይ ታንኮች ስታሰልፍ የእስራኤል ቁጥር መጀመሪያ ላይ 180 ገደማ ነበር። የእስራኤል ታንከኞች ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በረዥም ርቀት ተኩስ ላይ ጥብቅ ሥልጠና ወስደዋል፤ የሚተኩሱበትን ኮረብታና ርቀቱንም አስቀድመው ያውቁት ነበር። የሴንቹሪዮን ታንክ መድፍ ከአግድመቱ 10 ዲግሪ ወደ ታች ይዘነበላል፤ የሶርያዎቹ ቲ-55 ግን 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሴንቹሪዮኑ ከኮረብታ ጀርባ ቆሞ ማማውን ብቻ አውጥቶ ቁልቁል ይተኩሳል፤ ቲ-55 በዚያው ቦታ ቢቆም ሙሉ አካሉን ሳያጋልጥ መተኮስ አይችልም። ይህን ልዩነት ወደ ጥቅም የቀየረው ግን ሥልጠናው ነው። ታንከኞቹ ወጥተው፣ ተኩሰው፣ ወደ ኋላ ተንሸራተው፣ በሌላ ቦታ ብቅ ማለትን ለምደውታል። ድልድይ ዘርጊ ታንኮችን ቀድመው መምታት እንዳለባቸውም ያውቁ ስለነበር ሶርያዎቹ የፀረ ታንኩን ቦይ ለመሻገር ብዙ ዋጋ ከፈሉ።

በሲና ግን ያው ጦር፣ በዚያው ችሎታ፣ ክፉኛ ተመታ። የእስራኤል አዛዦች ታንክ ብቻውን ሁሉን ይጨርሳል በሚል እምነት እግረኛውንና መድፈኛውን ችላ ብለው ነበር። በቦታው የነበረው ክፍለ ጦር ከ290 ያህል ታንኮቹ አብዛኞቹን በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት አጣ፤ ኦክቶበር 8 የተደረገው መልሶ ማጥቃትም ከሸፈ። ፊት ለፊታቸው የነበሩት የግብፅ እግረኞች በትከሻ የሚተኮሰውን አርፒጂ-7 እና በሽቦ የሚመራውን ሳገር ሚሳይል ይዘው ነበር፤ ሳገር ተኳሾቹም ለረዥም ጊዜ ያለማቋረጥ የተለማመዱ ነበሩ። ሳገር 3,000 ሜትር ለመብረር 25 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተኳሹ ሚሳይሉን በእጁ መምራት ስላለበት አጠገቡ የሞርታር ጥይት ቢወድቅ ወይም መትረየስ ቢያርከፈክፍበት እጁ ይናወጣል፣ ሚሳይሉም ይስታል። ሞርታሩና መትረየሱ ያለው ግን እግረኛውና መድፈኛው ዘንድ ነው፣ እነሱም አብረው አልነበሩም። እስራኤሎቹ በቀናት ውስጥ ስልታቸውን አስተካከሉ፤ የተማሩት ግን በሬሳ ነው። የግብፅን ድል የሚሳይሉ ተአምር አድርጎ ማየት ስህተት ይመስለኛል። አንድን ጠባብ ሥራ አጥብቆ የተለማመደ እግረኛ፣ ሰፊ ችሎታ ያለውን ግን ብቻውን የመጣውን ታንከኛ አቆመው።

ከዚህ የባሰው በቼቼኒያ ዋና ከተማ በግሮዝኒ ታየ። ዲሴምበር 31 ቀን 1994 ወደ ከተማዋ የገባው የሩሲያ 131ኛ ብርጌድ ከ26 ታንኮቹ 20ውን፣ ከ120 ሌሎች ብረት ለበሶቹ 102ቱን እንዳጣ በሰፊው ተዘግቧል። በዘመቻው የገቡት ብዙዎቹ ክፍሎች ከየቦታው በችኮላ የተለቃቀሙ ነበሩ፤ ሾፌርና ተኳሽ በቅጡ ሳይተዋወቁ የተሰለፉም ነበሩ። የቲ-72 መድፍ ወደ ላይ የሚነሳው እስከ 14 ዲግሪ ሲሆን ወደ ታች የሚዘነበለው 6 ዲግሪ ያህል ነው። በጠባብ መንገድ ላይ አምስተኛ ፎቅ ያለውን ተኳሽም፣ ምድር ቤት ያለውንም ሊመታ አይችልም። ቼቼኖቹ ይህን ያውቁ ስለነበር ከላይና ከታች ሆነው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ተሽከርካሪ ቀድመው እየመቱ መሐል ያሉትን አንድ በአንድ ጨረሷቸው። መድኃኒቱ ሚስጥር አልነበረም። እግረኛው ቀድሞ ሕንፃውን ይይዛል፣ ታንኩ ከኋላ በርቀት ሆኖ እግረኛው ያሳየውን ይመታል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መተኮስ የሚችል የአየር መቃወሚያ ተሽከርካሪ ደግሞ ለላይኛው ፎቅ ይመደባል። ሩሲያዎቹ ቆይተው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ይህ ቅንጅት እንዲሠራ የእግረኛው የጓድ መሪና የታንኩ አዛዥ በሬዲዮ መነጋገር፣ «ከቀይ በሩ ሁለት መስኮት ወደ ግራ» ሲባል ሁለቱም አንድ ቦታ ማየት አለባቸው። ይህ በመመሪያ አይመጣም፤ በባዶ ሕንፃዎች መካከል አሥርና ሃያ ጊዜ በመደጋገም ነው የሚመጣው።

ተንቀሳቃሽነት ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ፍጥነትን ያስባል። ፍጥነቱ የሚጠቅመው ግን ጠላት ውሳኔ ላይ ከመድረሱ በፊት ሌላ ቦታ መገኘት ከተቻለ ነው። ቻድ በ1987 ይህን ያለ ታንክ አደረገችው። ፈረንሣይና አሜሪካ በመሣሪያና በመረጃ ያገዟቸው የቻድ ተዋጊዎች ሚላን ፀረ ታንክ ሚሳይል በጫኑ ቶዮታ ፒክአፖች በጃንዋሪ በሊቢያ ጦር እጅ የነበረችውን ፋዳን፣ በማርች ደግሞ ዋዲ ዱምን ያዙ። የሊቢያ ቲ-55 ታንኮች ምሽጋቸው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ከምሽጋቸው ርቀው ቅኝት አያደርጉም፤ ስለዚህ ጠላት ከየት እንደሚመጣ የሚያውቁት ተኩስ ሲከፈት ነው። ፒክአፖቹ ከብዙ አቅጣጫ ሲመጡ ማማው ቀስ ብሎ የሚዞረው ቲ-55 አንዱን ሲከተል ሌላው ጎኑን ያገኘዋል። ቻዶቹ በረሃውን ያውቁታል፤ የጦር መሪዎቻቸውም ትእዛዝ ሳይጠብቁ መወሰን የለመዱ ነበሩ።

ወደ ኦጋዴን ጦርነት ስንመጣ ሁለቱም ገጽታ አብሮ ይታያል። ሶማሊያ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ስትወር ቲ-54 እና ቲ-55 ታንኮች ያሉት፣ በሶቪየት አሠልጣኞች የተገነባ ሜካናይዝድ ጦር ይዛ ነበር፤ ጅጅጋም በመስከረም 1970 ዓ.ም. ተያዘች። ኢትዮጵያ በበኩሏ ለዓመታት በአሜሪካ መሣሪያ የሠለጠነ ጦሯን በጦርነት መሐል ወደ ሶቪየት መሣሪያ ማዞር ነበረባት። ይህ በወረቀት ላይ የታንክ ቁጥር ይጨምራል፤ በተግባር ግን የኤም-47 ተኳሽ የነበረ ሰው የሌላ ታንክ መነጽር፣ ሌላ የጥይት ዓይነት፣ ሌላ ሬዲዮና ሌላ የጥገና ሥርዓት ከመጀመሪያው ይማራል ማለት ነው። በታጠቅ ጦር ሰፈር በጥቂት ወራት የሠለጠነው ሚሊሺያ ምሽግ ይዞ መመከት ቻለ፤ ቁልፉ የሜካናይዝድ ማጥቃት ግን ጊዜ የሚጠይቅ ሆነ። የኩባ ታንከኞች ታንኮቹን ራሳቸው ይዘው የገቡት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ማሽኑን ማጓጓዝ የሳምንታት ሥራ ሲሆን የተዋሐደ ታንከኛ ማፍራት ግን ወራትን ይጠይቃል።

የካራማራው ድልም ወታደራዊ ፍሬ ነገሩ እዚያ ነው። የማርዳ መተላለፊያን ፊት ለፊት መግፋት ብዙ ሕይወት ይበላ ነበር። የኢትዮጵያና የኩባ ጥምር ጦር ከሰሜን በተራራው ዞረ፤ ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ደግሞ ቀላል ብረት ለበሶችን ተሸክመው ከሶማሊያ መከላከያ ጀርባ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ወጣች። ቆረጣ የምንለው ይህ ስልት እንዲሠራ ከላይ የወረደው ኃይልና ከታች የሚገፋው ኃይል በሰዓት መገጣጠም አለባቸው። ቀድሞ የወረደው ብቻውን ከቀረ ነዳጁና ጥይቱ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። የሶማሊያ ጦር ደግሞ ሶቪየቶችን በኖቬምበር 1977 ካስወጣ ወዲህ የመለዋወጫና የአማካሪ ምንጩ ደርቆ ነበር፤ ታንኮቹ ቢኖሩም እንደ ቀድሞው ማንቀሳቀስ አልቻለም።

በአንድ በኩል ሥልጠና፣ በሌላ በኩል ግዴለሽነት ሲገናኙ የሚሆነውን ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1991 በኢራቅ በረሃ የተደረገው ውጊያ ያሳያል። 9 ኤም1ኤ1 ታንኮችና 12 ብራድሌ የተባሉ እግረኛ ጫኝ ብረት ለበሶች ያሉት አንድ የአሜሪካ ሻምበል በአሸዋ ማዕበል ውስጥ ሪፐብሊካን ጋርድ ከሚባለው የኢራቅ ምርጥ ጦር መከላከያ ጋር ተላተመ፤ በ23 ደቂቃ ውስጥ 28 ታንኮችን እንዳወደመ ተመዝግቧል። በአቧራና በጨለማ ውስጥ ሙቀትን የሚያሳየው መነጽር ብዙ ረድቷል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ኢራቃውያኑ ታንኮቻቸውን ከመሬት በታች በመቆፈር ፋንታ ዙሪያውን አሸዋ ከምረው ነበር። የተከመረው አሸዋ የመድፍ ጥይት አያስቆምም፤ ቦታውን ግን ከሩቅ ያሳያል። ወደ ፊት የሚያስጠነቅቅ በቂ የቅኝት ኬላ ስላልነበራቸውም ብዙዎቹ ሠራተኞች ውጊያው ሲጀመር በታንኮቻቸው ውስጥ አልነበሩም። ጉድጓድ መቆፈርና ዘብ ማቆም ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የለመደ እጅና የሚቆጣጠር አዛዥ ነው።

የአሜሪካኖቹ ችሎታ ከየት መጣ ቢባል አንዱ መልስ በካሊፎርኒያ በረሃ ያለው የፎርት ኧርዊን ማሠልጠኛ ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ብርጌዶች እየተፈራረቁ እዚያ ከቋሚ «ጠላት» ጋር ይፋለማሉ። ይህ ጠላት መሬቱን ከእንግዳው አብልጦ ያውቃል፣ በብዛትም ያሸንፋል። እያንዳንዱ ወታደርና ተሽከርካሪ የሌዘር መሣሪያ ስለሚታጠቅ ማን ማንን እንደመታ ክርክር የለም። ከየውጊያው በኋላ አዛዦቹ ተሰብስበው ምን ታቅዶ እንደነበር፣ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነና ነገ ምን እንደሚለወጥ ይነጋገራሉ። የበታቹ የበላዩን ስህተት በፊቱ ይናገራል። ለብዙ ጦር ይህ ከታንክ ግዢ ይልቅ ይከብዳል። አዛዡ ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት፣ ለባለሥልጣናት ትርኢት ተብሎ የተዘጋጀ ልምምድ ነዳጅ ከመፍጀት አልፎ በሐሰት መተማመን ይሞላል፤ እንዲህ ያለውን ልምምድ ጭራሹን ቢተዉት ይሻላል።

ነዳጅን ካነሳን፣ ኤም1 ሲሞላ ወደ 1,900 ሊትር ይይዛል፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ እንኳ ይጠጣል። 14 ታንክ ያለው ሻምበል አንድ ጊዜ ሲሞላ 26,600 ሊትር፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 9,400 ሊትር ገደማ የሚይዙ ሦስት ቦቴዎች ይፈልጋል። ቦቴው ደግሞ ብረት የለበሰ አይደለም። ስለዚህ ሻምበሉ በሌሊት፣ ያለ መብራት፣ ሳይከማች፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ነዳጅ መቅዳትን እንደ ተኩስ ልምምድ ሊለማመደው ይገባል። በ2022 መጀመሪያ ከኪየቭ በስተሰሜን የተዘረጋው ረዥም የሩሲያ ሰልፍ በነዳጅ እጥረት፣ በተበላሸ ጎማና በመንገድ መጨናነቅ ቆሞ ቀረ። በዚያው ማርች ከኪየቭ አጠገብ ባለችው በብሮቫሪ አቅራቢያ የታንክ ሰልፍ በአስፋልት ላይ ተጠጋግቶ ሲጓዝ በመድፍና በፀረ ታንክ ተመታ፤ ሲመታም ተሽከርካሪዎቹ ከመበተን ይልቅ የባሰ ተጠጋጉ። የደነገጠ ሾፌር ወደ ጓዱ ይጠጋል፤ ርቀት መጠበቅ ከደመ ነፍስ ጋር የሚጋጭ ልማድ ስለሆነ ካልተደጋገመ አይያዝም።

ሁሉም ሙያ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት የሚፈተነው ግን የፈንጂ ቀጠናን ሲሻገሩ ነው። መድፈኛው ተከላካዩን አንገት ያስደፋል፤ ጭስ ዓይኑን ይጋርዳል፤ መሐንዲሱ ፈንጂ ጠራጊውን ይልካል፤ ታንኩ በተጠረገው መስመር ያልፋል፤ እግረኛው ማዶውን ይይዛል። ሩሲያ ሠራሹ ዩአር-77 አንድ ጊዜ የሚተኩሰው የፈንጂ ገመድ 6 ሜትር ስፋትና 90 ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ ይከፍታል፤ ቀጠናው 300 ሜትር ጥልቀት ካለው አንድ ገመድ አይበቃም። መድፉ ታንኩ ከመድረሱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ከቆመ ተከላካዩ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሚሳይሉን ያሰናዳል። ጭሱ በነፋስ ወደ ሌላ ከሄደ መሐንዲሱ ዕርቃኑን ይቀራል። በጁን 2023 ከኦሪኪቭ ከተማ በስተደቡብ ጀርመን ሠራሽ ሊዮፓርድ ታንክና ብራድሌ የታጠቁ የዩክሬን አዳዲስ ብርጌዶች የገጠማቸው ይህ ነው። ግንባር ቀደሙ ተሽከርካሪ ፈንጂ ሲረግጥ ተከታዩ ሊያልፈው ወደ ጎን ወጣ፣ እሱም ረገጠ፤ ሌሎቹ በአንድ ቦታ ተከማቹ፣ ከዚያ መድፍና ሄሊኮፕተር መጣባቸው። ብራድሌው ብዙዎቹን በሕይወት አትርፏል፤ ይህ የማሽኑ ምስጋና ነው። ነገር ግን በአዲስ መሣሪያ ላይ ለሳምንታት የሠለጠነን ብርጌድ፣ ለዓመታት አብሮ የሠራ ብርጌድ እንኳ የሚፈራውን ሥራ፣ ያውም ያለ አየር ሽፋን፣ ሥራ ማለት ከባድ ፍርድ ነበር። ጥፋቱን በወታደሮቹ ላይ የሚያላክክ ሰው የሥልጠናን ጊዜ አያውቅም ማለት ነው።

ድሮን ከመጣ ወዲህ ታንክ አብቅቶለታል የሚለው ወሬ በየቦታው ይሰማል። እውነት ያለበት ወሬ ነው። ርካሽ የሆነ አጥፍቶ ጠፊ ድሮን የታንክን ሳሳ ያለ ጣሪያ ወይም የሞተር ክፍል ይመታል፣ የሠለጠነውንም ያልሠለጠነውንም ይገድላል። ሥልጠና ከሁሉም አያድንም። የተለወጠው ግን የልምምዱ ይዘት ነው። ታንኩ ከግንባር ወደ ኋላ ርቆ ተሸሽጎ ይውላል፤ አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ይወጣል፣ ይተኩሳል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል፤ የሰንሰለቱን ዱካ ይጠርጋል፣ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፣ ሬዲዮውን ዝም ያሰኛል። ከየመቶው ጋር የድሮን ተቆጣጣሪና የማወኪያ መሣሪያ የያዘ ባለሙያ ይሰለፋል። ይህ ሁሉ ለቀድሞው ታንከኛ አዲስ ትምህርት ነው። «ጠላት» ሆኖ የሚያለማምደው ክፍል ራሱ ድሮን ካላበረረበት ደግሞ ትምህርቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ አንድ ጦር ሁለት መቶ ታንክ ገዛ ሲባል እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ተኳሹ በዓመት ስንት እውነተኛ ጥይት ይተኩሳል? ከተገዙት ታንኮች ጋር ስንት ጎታች ተሽከርካሪ መጣ? በሜዳ ላይ የቆመን ታንክ በዚያው ሌሊት ጎትቶ የሚያወጣ ከሌለ ቀላል ብልሽት ሙሉ ኪሳራ ይሆናል። መለዋወጫው የስንት ወር ነው? ታንከኞቹስ በምን ያህል ጊዜ ይቀያየራሉ? ብዙ ጦር ልምድ ያገኘውን ተኳሽ ወዲያው አዛዥ ያደርገውና አራቱን ይበትናል። ሲቸገር ደግሞ አሠልጣኞቹን ወደ ግንባር ይልካል። ጀርመን በ1942 ክረምት የበረራ ትምህርት ቤቶቿን አሠልጣኞች በስታሊንግራድ ለተከበበው ጦሯ በአየር ስንቅ ለማድረስ አሰልፋ ብዙዎቹን አጥታለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያሠለጥን እየጠፋ ሄደ። በታንክ ላይም ሒሳቡ ያው ነው። ከየሻለቃው የተወሰኑ ልምድ ያላቸው አዛዦች፣ በተለይም ቆስለው ያገገሙት፣ በትእዛዝ ወደ ማሠልጠኛ መመለስ አለባቸው። የግንባሩ አዛዥ በዚህ ማጉረምረሙ አይቀርም፤ ማሠልጠኛው ግን ሊለቃቸው አይገባም።